ወይን ጠጅ ግድግዳ ነጭ ሲቀባ ለምን ሮዝ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝተን ገባን። የበፊቱ ባለቤት የሳሎኑን ትልቁን ግድግዳ ወይን ጠጅ፣ የልጆቹን ክፍል ደግሞ ዙሪያውን ጥቁር ሰማያዊ አስቀብቶታል። ቤቱ ስለጨለመብን ነጭ እናድርገው ብለን ቀለም ቀቢ አመጣን። ሳሎኑን ሁለት እጅ ነጭ ቀባው። ነጭ ሳይሆን ሮዝ ሆነ! ቀቢው ልጅ ‹ሦስት እጅ ይጨመርበት፣ ለሳሎኑ ብቻ ሁለት ጋሎን ግዙ› አለን። ባለቤቴ ‹ቀለሙ ፎርጅድ ነው› ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ተፍቆ እንደ አዲስ ስቱኮ ይመታ› ትላለች። ግድግዳው 5 ሜትር በ2.6 ያህል ነው። የልጆቹ ክፍል 3 በ3.5 ነው፣ ገና አልተነካም። ማንን እንስማ?»

እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ሁለቱን ጋሎን ገና ካልገዛችሁ ቆዩ። ሦስቱም ሰዎች ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል፤ ግን እንደ ሦስቱም አታድርጊ።

መጀመሪያ ሮዙ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ሰው ነጭ ቀለም ሲገዛ እንደ ጋቢ ይሸፍናል ብሎ ነው የሚያስበው። ነጭ ቀለም ግን ነጠላ ነው። ቀይ ቀሚስ ለብሰሽ ነጠላ ብትደርቢበት ቀዩ ፈዘዝ ብሎ ይታያል እንጂ አይጠፋም። የናንተም ግድግዳ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ብርሃኑ ስስ በሆነው ነጭ ውስጥ ያልፋል፣ ታች ያለውን ወይን ጠጅ ይነካና ቀይ ሆኖ ይመለሳል። ቀይና ነጭ ሲገናኙ ደግሞ ሮዝ ነው።

ነጩን ነጭ የሚያደርገው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ከነጭ ቀለም ጥሬ ዕቃዎች ውስጥ ውዱም እሱ ነው። ስለዚህ ርካሽ ቀለም ውስጥ ይቀነስና ቦታው በኖራ ድንጋይ ዱቄት ይሞላል። ሁለቱም ዱቄቶች ለዓይን ነጭ ናቸው። ልዩነታቸው ብርሃንን የማጠፍ ኃይላቸው ላይ ነው። የቀለሙ ማጣበቂያ ሙጫ ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን 1.5 አካባቢ ነው። የኖራ ድንጋዩ 1.6 አካባቢ ነው። የታይታኒየሙ 2.7 ይደርሳል። ዱቄቱ ከሙጫው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ብርሃኑ ምንም እንዳላየ ሰተት ብሎ ያልፋል። በጣም ከተለያዩ ግን ተበትኖ ወደኋላ ይመለሳል፤ መሸፈን የሚባለው ይህ ነው።

ይህን ነገር ሳታውቂው አይተሽዋል። ግቢ ውስጥ ኖራ ሲቀባ ልብ ብለሽ ከሆነ፣ እርጥቡ ኖራ ውሃ ነው የሚመስለው። «ይሄ ምኑ ተቀባ?» ያሰኛል። ሲደርቅ ነው የሚነጣው፤ ውሃው ወጥቶ በቦታው አየር ሲገባ ልዩነቱ ስለሚሰፋ። ስለዚህ አንድ ምክር በመሃል፦ ቀለም እርጥብ እያለ አትፍረጂበት። ርካሹ በተለይ ሲደርቅ ሌላ ሰው ይሆናል።

እንግዲህ የባለቤትሽ ጥርጣሬ መሠረት የለውም አይባልም። ቀለሙ ፎርጅድ ባይሆንም ታይታኒየሙ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ካርቶን ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፊና ቀለሙን ከጣሳው እንዳለ፣ ውሃ ሳትጨምሪ፣ አንድ እጅ ቀቢው። በማግስቱ እዪው። ጥቁሩ መስመር ወለል ብሎ ከታየ ቀለሙ ደካማ ነው። ጥላ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሌላው ቦታ ብዙ ጊዜ የውሃው ባልዲ ነው። የሙያ አጋሬን ላማ አይደለም፤ እኔም ልጅ እያለሁ አድርጌዋለሁ። ቀጠን ያለ ቀለም ሮለር ላይ ይሮጣል፣ ክንድ አያደክምም፣ ጋሎኑም የበረከተ ይመስላል። ግን ሒሳቡን እዪው። 2 ሊትር ቀለም ላይ 1 ሊትር ውሃ ብትጨምሪ፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረው የደረቀ ቀለም በአንድ ሦስተኛ ይሳሳል። ውሃው ተኖ ሄደ፤ የሚሸፍነው ዱቄት ግን አልጨመረም። ነጩን በነጭ ላይ ስትቀቢ ይህ ጉድ አይታወቅም። ወይን ጠጅ ላይ ስትቀቢ ግን ወዲያው ያጋልጣል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቢለትና ከዚያ እንዳያልፍ ንገሪው። በጨዋነት፤ ሻይ እያቀረብሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጠቆር ያለ ግድግዳን ነጭ ራሱ እንዲሸፍነው ማስገደድ ገንዘብ መበተን እንደሆነ ነው። ነጭ የሚሸፍነው ብርሃንን በመመለስ ብቻ ነው። አመድማ ቀለም ግን ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ይመልሳል፣ ያልመለሰውን ደግሞ ይውጠዋል። ውስጡ ያለችው ትንሽ ጥቁር ናት የምትውጠው። ስለዚህ አንድ እጅ አመድማ፣ ሁለት ሦስት እጅ ነጭ የማይችለውን ሽፋን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነጩ የሚታገለው ከወይን ጠጅ ጋር ሳይሆን ከፈዛዛ አመድ ጋር ነው። ያ ደግሞ ቀላል ትግል ነው።

አመድማውን ራስሽ መሥራት ትችያለሽ። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ በውሃ የሚቀጥነውን፣ ውሰጂ። ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም በጣም በትንሹ፣ በሾርባ ማንኪያ እየለካሽ ጨምሪ። ደህና አድርገሽ አማስይ። የምትፈልጊው ከደረቀ የሲሚንቶ ልስን ነጣ ያለ ነው። አደራ፣ አታጥቁሪው። ጥቁር በጣም ኃይለኛ ነው፤ ከገባ መመለሻ የለውም። ብዙ ካጠቆርሽው ደግሞ እሱን ራሱን የሚሸፍን ሌላ እጅ ልትፈልጊ ነው። ሱቅ የሚሸጥ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን መሠረት፣ ካገኘሽና አመድማ አድርገው ካቀለሙልሽ ያ ይበልጣል፤ ከአሮጌው ቀለም ጋር የመያያዝ አቅሙ የተሻለ ነውና።

አንዳንድ ቀቢ «ነጭ ላይስ አመድ ይቀባል እንዴ?» ብሎ ይሟገትሻል። ሁለት እጅ ነጭ ከጠጣ ግድግዳ ላይ አመድ መቀባት ወደኋላ መመለስ ይመስላል። አይደለም። ሮዙን የሚገድለው ያ ነው።

አሁን ግዢውን እናስላ። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የሳሎኑ ግድግዳ 5 ሲባዛ በ2.6፣ 13 ካሬ ነው። አንድ እጅ 1.3 ሊትር ማለት ነው። ልጁ ያላችሁ ሦስት እጅ እንኳ 4 ሊትር አይሞላም። ታዲያ ሁለት ጋሎን ለምን? ወይ የልጆቹን ክፍል አብሮ አስቦ ነው፣ ወይ ግድግዳችሁ ሻካራ ሆኖ ብዙ ይጠጣል፣ ወይ... ሦስተኛውን አንቺው ገምቺ። እኔ ብሆን አንድ ጋሎን ነጭ እገዛለሁ። 4 ሊትር ከሆነ 1.3ቱን አመድማ አደርገዋለሁ፣ የቀረው 2.7 ሁለት እጅ ነጭ ይሆናል። ልክ ልክ ነው፤ ሻካራ ግድግዳ ከሆነ ትንሽ ጣሳ ጨምሪበት። ሁሉም ጋሎን እኩል ስላልሆነ ጣሳው ላይ ስንት ሊትር እንደተጻፈ እዪ።

የልጆቹ ክፍል ላይ ነው ትርፉ የሚታየው። ዙሪያው 13 ሜትር፣ ከፍታው 2.6፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 30 ካሬ ገደማ። አንድ እጅ 3 ሊትር። በነጭ ብቻ ጥቁር ሰማያዊን ለማጥፋት አራትና አምስት እጅ፣ ማለትም ከ12 እስከ 15 ሊትር ይፈጃል። አንድ እጅ አመድማና ሁለት እጅ ነጭ ግን 9 ሊትር ነው። የአንድ ወይም የሁለት እጅ ጉልበትም ይቀራል፤ የቀቢ የቀን ሒሳብ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ደግሞ «ነጭ» ስትይ የግድ ወረቀት የመሰለ ነጭ ነው? ክሬም ወይም ኦፍ ዋይት ትንሽ ማቅለሚያ ስላለበት ከንጹህ ነጭ ይልቅ ይሸፍናል። ክፍሉንም ያበራዋል። ልጆች ያሉበት ቤት የእጅ አሻራም ብዙ አያሳይም። እኔ ቤት ክሬም ነው።

ግን ከመቀባትሽ በፊት አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ይህን ዘልለው ነው ሰዎች የሚያለቅሱት። አንድ ጊዜ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ለቀለቅሁ። ቆንጆ ሆነ። ሰውየው አመሰገነኝ። በወሩ ደወለልኝ፤ ሄጄ ሳየው ቀለሙ ከምጣድ እንደሚነሳ እንጀራ ጫፉን ሲይዙት ሙሉውን ይነሳል። ታች ያለው ዘይት ቀለም ነበር። በራሴ ወጪ ሠራሁት።

ስለዚህ አዲሱ ነጭ ያልነካው ቦታ ፈልጊ። ቁም ሳጥን ጀርባ ይገኛል፤ ቀቢ እዚያ ብዙም አይደክምም። ካልተገኘ ቆጣሪውን አጥፍተሽ የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ፍቺ። ጥጥ አልኮል አስነክተሽ ጠንከር አድርገሽ እሺው። ጥጡ ቀለም ከያዘና ግድግዳው ከላሸቀ ፕላስቲክ ነው፤ ደህና ነሽ። ጥጡ ንጹህ ሆኖ ከቀረና ግድግዳው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዘይት ቀለም ነው። ዘይት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ማብለጭለጩ እስኪጠፋ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ የዘይት ፕራይመር ይቀባበታል። ያለዚያ ያንቺም እንጀራ ይነሳል።

በእጅሽም ጥረጊው። መዳፍሽ ላይ ዱቄት ከቀረ አሮጌው ቀለም ኖራ ወይም ያረጀ ርካሽ ነው። ዱቄት ላይ ምንም አይያዝም፤ መታጠብና ማያያዣ ፕራይመር መጠጣት አለበት።

የጎረቤትሽን ምክር የምንዳኘው ደግሞ በምላጭ ነው። አሁን ያለው ቀለም ላይ በምላጭ የኤክስ ምልክት ቁረጪ። ስኮች ደህና አድርገሽ ለጥፊና በአንዴ ሳቢው። ቀለሙ ከስኮቹ ጋር ተላጦ ከመጣ ጎረቤትሽ ልክ ናት፤ የላላው ሁሉ በስፓቱላ ይፋቅ። ካልመጣ አትፋቂው። የያዘ ቀለም ምርጥ መሠረት ነው። አስፍቆ እንደ አዲስ ስቱኮ ማስመታት ከቀለሙ በላይ ወጪ ነው፤ የአቧራውን ነገር ተዪው፣ ሳምንት ሙሉ እንጀራችሁ ላይ ትበሉታላችሁ።

አንድ ነገር ግን መፋቅ አለበት። ደማቅ ቀይና ወይን ጠጅ ቀለሞች ራሳቸው ሸፋኝ አይደሉም። ታይታኒየም እምብዛም አይገባባቸውም፤ ቢገባ ወደ ሮዝ ይወስዳቸዋላ። ስለዚህ የበፊቱ ሰው ወይን ጠጁን ለማግኘት ብዙ እጅ ደርቦበታል ማለት ነው። ግድግዳው ከኮርኒስና ከጎን ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ጣትሽን አስኪጂ። ጉብ ያለ ጠርዝ ይኖራል። ያንን በብርጭቆ ወረቀት ካላስተካከልሽው ቀለሙ ነጭ ሆኖም የድሮው ድንበር ማታ በአምፖል ብርሃን እንደ ጠባሳ ይታያል። ምስማር የተነቀለበትንም ቀዳዳ ያኔውኑ በስቱኮ ድፈኚ። የደፈንሽው ቦታ ቀለም ስለሚጠጣ ለብቻው አንድ እጅ ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ብርጭቆ ወረቀት ካነሳን አይቀር፦ ቤታችሁ አሮጌ ሆኖ ደማቅ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ዘይት ቀለም ካለው ደረቁን አትፈግፍጊው። በፊት እነዚህ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት በብዛት ይገባ ነበር። በኢትዮጵያ እርሳስ በአንድ ሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ የወጣው በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ግን ደንብ አያነብም። እያረጠብሽ ፈግፍጊ፣ አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር ከቤት ይውጡ፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በመጥረጊያ አይቦነን። ከፕላስቲክ ቀለም ይልቅ ይህ ጉዳይ የዘይት ቀለሙ ነው።

አሁን ሮዝ የሚያደርግ ሌላ ምክንያትም ስላለ ልጨምርልሽ። አንዳንዴ ቀዩ ከታች እየታየ ሳይሆን እየወጣ ነው። ርካሽ ቀይ ማቅለሚያ በአዲሱ ቀለም እርጥበት ይሟሟና ወደ ላይ ይሰርጋል። እንዴት ይለያል? ሁለተኛው እጅ ከመጀመሪያው ከነጣ ጉዳዩ የሽፋን ነው፤ አመድማው ይፈታዋል። ሁለተኛውም እኩል ሮዝ ከሆነ፣ ወይም ደርቆ ካደረ በኋላ ይብስ ከቀላ፣ እየሰረገ ነው። ያኔ ውሃ ነክ ቀለም አሥር እጅ ብትደርቢም ትርፉ ድካም ነው። በዘይት ፕራይመር አንድ እጅ መቆለፍ አለበት። እርግጠኛ ለመሆን ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ያልተቀባውን ወይን ጠጅ እሺው፤ ጨርቁ ከቀላ መልሱ ያ ነው።

የቡና ጥጉም እንዲሁ ነው። ብዙ ሳሎን ውስጥ ቡና የሚፈላበት ጥግ አለ። ከሰሉና ዕጣኑ ለዓመታት ያጨሱት ግድግዳ ጠቆር ባለ ቀለም ላይ አይታይም። ነጭ ስትቀቢው ግን ቢጫ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ልጁን «ምን አደረግክብኝ» እንዳትዪው፤ ጥፋቱ የጀበናው ነው። በኦሞ ታጥቦ፣ በንጹህ ውሃ ተለቃልቆ፣ ደርቆ፣ ያቺ ጥግ ብቻ የዘይት ፕራይመር ትቀባ። የኮርኒስ ውሃ ያፈሰሰበት ቢጫ እድፍም ካለ መድኃኒቱ ያው ነው፤ መጀመሪያ ግን ማፍሰሱ ይቁም።

የዘይት ፕራይመርና አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛው) ባለበት ክፍል መስኮት ይከፈት። ከሰልም ሆነ ቡታጋዝ በዚያ ሰዓት አይለኮስ። ልጆቹም በዚያች ሌሊት ሌላ ክፍል ይደሩ።

አቀባቡ ላይ ብዙ አልልም፤ ልጁ ያውቀዋል። አንድ ሁለት ነገር ብቻ ተቆጣጠሪ። ጠርዙ በብሩሽ ተቀብቶ ሳይደርቅ ሮለሩ መድረስ አለበት። ጠርዙን ጠዋት ዙሪያውን ቀብቶ መሃሉን ከምሳ በኋላ ከሆነ ግድግዳው ፍሬም የገባ ፎቶ ይመስላል። ሮለሩ የጸጉር ይሁን፤ የስፖንጁ አረፋ ያመጣል፣ ቀለምም ስስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ላይ የሚለጠፈው የወረቀት ፕላስተር የመጨረሻው እጅ ጨርሶ ሳይደርቅ ይነሳ፣ ካለዚያ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ከሁለት ጣሳ የሚቀባ ከሆነ ሁለቱም በአንድ ባልዲ ይቀላቀሉ። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም።

በአንድ እጅና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ በበጋ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይበቃል። አሁን ክረምት ከሆነ ግን አዲስ አበባ ላይ እመኚኝ፣ ለነገ አሳድሩት። ቀለሙ በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ሲደረብበት ሮለሩ የታችኛውን እየገሸለጠ ይመጣል። ካለቀም በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ የልጆቹን እርሳስ ጭረት በእርጥብ ጨርቅ ለማጥፋት አትቸኩዪ።

አመድማው እጅ ተቀብቶ ሲያልቅ ቤቱ ያላለቀ ሕንጻ ይመስላል። ባለቤትሽ ይደነግጣል፤ አስቀድመሽ ንገሪው። ነጩ ተቀብቶ ሲደርቅ ደግሞ ማታ በአምፖል አትዩት። አንዳንዱ አምፖል ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፣ አንዳንዱም ሰማያዊ። ጠዋት መጋረጃውን ገልጣችሁ ከጎን እዩት። ስስ የሆነ ቦታ ካለ ያኔ ይታያል፤ ልጁ ሒሳቡን ሳይቀበል። የተረፈውን ነጭ በሚከደን ጠርሙስ አድርጊና የክፍሉን ስምና የቀለሙን ቁጥር ጽፈሽ ለጥፊበት። ልጆች ባሉበት ቤት ትፈልጊዋለሽ።